የዕድራችንን ሕያዋን ያጣራሁበት ሳምንት

ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ ኮምፒዩተር ያውቃል ብሎ ከሚያምን ሰፈር ይሰውራችሁ። እኔን አልሰወረኝም። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በሻይ ቤት መሃል በተሸጎጠች ክፍል ውስጥ ማመልከቻና አቤቱታ እጽፋለሁ። ክፍሏ ሁለት ባለጉዳይ ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው ጉዳዩን የሚናገረው። መጀመሪያ በእጄ እጽፍ ነበር፣ ቀጥሎ በታይፕ፣ አሁን በኮምፒዩተር። ኮምፒዩተሩን የማውቀው ግን ታይፑን በማውቅበት ልክ ነው። ፊደል ስመታ ፊደል ይወጣል፤ ሲበላሽ ሰው እጠራለሁ።

ይህን ለዕድራችን ኮሚቴ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ! የሚሰማኝ የለም። «አንተ እኮ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ተጥደህ ነው የምትውለው» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ የሚውል ረዳት ሁሉ መካኒክ የሆነ ይመስል!

ዕድራችን የቆየ ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ማለዳ ተነሥቶ ከልደታ እስከ ጠመንጃ ያዥ አንድ ዙር ከዞረ አልሰማሁም የሚል አይኖርም ነበር። ከዚያ ቤቶቹ ፈረሱና ሰዉ ተበተነ። ግማሹ ጀሞ፣ ግማሹ ኮዬ ፈጬ፣ የቀረው የት እንደገባ እንጃ። ሰዉ ቤቱን ለቀቀ እንጂ ዕድሩን አልለቀቀም። እንግዲህ የቱ ጥሩምባ ነው ልደታ ተነፍቶ ኮዬ ፈጬ የሚሰማው? ስለዚህ ድረ ገጽ ተሠራልን። የሠራችልን ሰናይት ትባላለች፤ የአንድ አባላችን ልጅ ናት፣ አዳማ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያለች ጎበዝ። ከድሮው መዝገብ ላይ ስሙን ሁሉ እንዳለ ገለበጠች። ሰው ሲሞት እኔ አንዲት ነገር እጫናለሁ፣ ለአባላቱ ሁሉ በየስልካቸው መልእክት ይደርሳል። ጥሩምባ ነፊው ጡረታ ወጣ፤ እኔ በእሱ ቦታ ገባሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ጣጣው የመጣው በዚሁ መልእክት ነው። ከሞቱ ስድስት ዓመት የሆናቸው አንድ አባል በስልካቸው «ነገ በስድስት ሰዓት ቀብር ስላለ እንዲገኙ፤ ያልተገኘ ይቀጣል» የሚል ጥብቅ ማሳሰቢያ ደረሳቸው። ስልኩን የያዘው ልጃቸው ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ። ሰፈሩ ሳቀ። የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። ጋሽ ደምሴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ፣ ደንብ የሚወዱ፣ ሲናገሩ ጣታቸው የሚቀድማቸው ሰው ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት ኮሚቴውን ሰበሰቡና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ሕያዋኑን ከሙታኑ ለይተህ አምጣ» አሉኝ። «እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ዝርዝሩ ይነበባል። ስሙ ያልተነበበ አባል አይደለም። አባል ልሁን የሚል እንደ አዲስ ይመዘገባል።»

አዲስ አባል ደግሞ በደንባችን መሠረት ዓመት ሳይሞላው ቢሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ዕድሩም ቆሞ አይቀብረውም። ደንቡን ያረቀቁት ራሳቸው ናቸው።

«ቀላል ነው» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። አፌ ከእኔ ተለይቶ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ሰናይት ጋ ደወልኩ። ድረ ገጹ ላይ የአባላትን ስም ማየት እንጂ ማጣራት አይቻልም አለችኝ። «ግን ጋሼ፣ በኤፒአዩ ሊያወጡት ይችላሉ። መሣሪያ እልክልዎታለሁ፣ ኮምፒዩተርዎ ላይ ይጫኑት።»

«ኤፒአይ ማለት ምንድን ነው ልጄ?»

«የጓሮ በር ይበሉት። ሌላው ሰው በፊት ለፊት ገብቶ ገጹን ያያል። እርስዎ ግን በጓሮ ገብተው ራሱን መዝገቡን ይጠይቁታል። የፈለጉትን ያመጣልዎታል።»

«በአፌ ነው የምጠይቀው?»

«ኧረ በጽሑፍ ነው ጋሼ!»

በጽሑፍ ስትለኝ እፎይ አልኩ። እኔ ደግሞ በጽሑፍ መጠየቅ ሊያቅተኝ? ስንቱን ውርስ፣ ስንቱን ፍቺ፣ ስንቱን የአጥር ክርክር በጽሑፍ አስጨርሼ የለ! መሣሪያው ሲከፈት ላዩ ላይ አንድ ረጅም ባዶ መስመር አለው፣ ከጎኑ «ላክ» የሚል ቁልፍ፣ ከሥሩ ደግሞ መልስ የሚመጣበት ሰፊ ነጭ ሜዳ። ባለጉዳዮቼን ከውጭ አስቀመጥኩ፣ መነጽሬን ጠረግኩ፣ ጻፍኩ።

«አመልካች፦ የዕድሩ ጸሐፊ። ተጠሪ፦ ድረ ገጽ። ጉዳዩ፦ ሕያዋን አባላትን ከሙታን ለይቶ ስለመስጠት። አመልካች በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት ከላይ የተጠቀሰው ዝርዝር በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ስለሆነ፣ ተጠሪ በእጁ የሚገኘውን መዝገብ ያለ አንዳች መሸሸግ እንዲያቀርብ በማክበር ይጠይቃል።»

ላክሁት። ዓይኔን ሳልጨፍን መልሱ መጣ። አንድ ቁጥር፣ አራት መቶ፤ ከጎኑ ደግሞ «መጥፎ ጥያቄ»።

ክው አልኩ። በሙያዬ ጽሑፌ ተመልሶ ያውቃል፣ ይስተካከል ተብሎ ያውቃል። «መጥፎ» ያለኝ ዳኛ ግን የለም። ቁጥሯን ደግሜ ሳያት ነገሩ የገባኝ መሰለኝ፤ አንቀጽ አራት መቶ መሆን አለበት። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን የሕግ መጽሐፍ አውርጄ አንቀጹን አወጣሁት። ከዕድርም ከሙታንም ጋር የሚያገናኘው ነገር አጣሁበት። ምናልባት የሌላ ሕግ ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን መጽሐፍ አወረድኩ። በር ላይ የቆሙት ባለጉዳይ «የእኔ ነገር ከብዶ ነው እንዴ?» ብለው መጨነቅ ጀመሩ።

ሰናይት ስነግራት ስልኩን አርቃ ሳቀች። አርቃም ተሰማኝ። «ጋሼ፣ ሰላምታም ምክንያትም አይፈልግም። አድራሻውን ብቻ ነው የሚፈልገው» ብላ አንዲት አጭር መስመር በመልእክት ላከችልኝ። ገልብጬ ላክሁ። አሁን ደግሞ አራት መቶ አንድ መጣ። እንደገና ደወልኩ።

«እሱ ማን ነህ ማለቱ ነው። የመግቢያ ቁልፍ እሰጥዎታለሁ፣ ግን በሰዓት ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል።»

«ማን እንደሆንኩ በየሰዓቱ ነው የሚረሳው?»

«በየሰዓቱ ነው ጋሼ።»

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉት ጥበቃዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በቀን አሥር ጊዜ ስገባና ስወጣ አሥር ጊዜ መታወቂያ ይሉኛል። ስለዚህ ይኼኛው ብዙ አልገረመኝም። ቁልፍ የተባለውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል አስገባሁና ላክሁ። ነጩ ሜዳ ሞላ! ቅንፍ ይከፈታል፣ በውስጡ ሌላ ቅንፍ ይከፈታል፣ ስም ይመጣል፣ ስልክ ይመጣል፣ «ሕያው» የሚል ቃል ይመጣል፣ ከጎኑ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ሐሰት የሚለውን ቃል ስጽፍ ለምስክርነት ነበር። ሰው ራሱ ሐሰት ሲባል ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ደስ ብሎኝ ቆጠርኩ። ሃያ ሰው። እንደገና ቆጠርኩ። ያው ሃያ።

ሦስት መቶ ሠላሳ አባል ያለው ዕድር ነው! እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ሰናይት ጋ ይደውል ነበር። እኔ የደወልኩት ጋሽ ደምሴ ጋ ነው።

«ሃያ ሰው ነው የቀረን» አልኳቸው።

ሱቃቸውን ዘግተው ከተክለ ሃይማኖት በእግራቸው መጡ። ላብ አጥምቋቸዋል። ባለጉዳዬን ከወንበሩ አስነሥተው ተቀመጡና ስክሪኑን አፍጥጠው አዩት።

«ሦስት መቶ አሥሩ የት ገባ?»

«አላውቅም። መዝገቡ ሃያ ነው የሚለው።»

«ሞቱ እንዳልል...» አሉና ላባቸውን ጠረጉ። «ያን ያህል ሰው ሲሞት እንዴት አንሰማም?»

«መልእክቱን የምልከው እኔ ነኝ፤ አልላክሁም» አልኩ፤ ወዲያው ግን ራሴን ተጠራጠርኩ።

ከወንበሩ የተነሡት ባለጉዳይ ይህን ሁሉ ሰምተው ወጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ጀሞ ደርሶ ተመለሰ። «ዕድሩ ፈረሰ አሉ፣ እውነት ነው?» የሚል ስልክ ሲደወልልኝ ዋለ። አንዱማ ጭራሽ «ከሃያዎቹ ውስጥ ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነህ አልኩት። ደስ ብሎት ስልኩን ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሰናይት አብራራችልኝ። መዝገቡ ሁሉንም በአንዴ አይሰጥም፤ ገጽ በገጽ፣ ሃያ ሃያ ሰው ነው የሚሰጠው። «እርስዎ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው መጽሐፉን ዘጉት» አለችኝ። ቀጣዩን ገጽ ስጠኝ ካላሉት አይሰጥም። ሳይጠየቅ የማይናገር ምስክር ስንት አይቻለሁ፣ ይህን ግን አልጠረጠርኩም። ለጋሽ ደምሴ ደውዬ ሰዎቹ መገኘታቸውን ነገርኳቸው። «የት ነበሩ?» አሉኝ። «ገጽ ሁለት ላይ» አልኩ። ስልኩን ዘጉብኝ።

ረቡዕ ማጣራት ተማርኩ። በአድራሻው ጫፍ ላይ የጥያቄ ምልክት ይደረግና «ሕያው እኩል ይሆናል» ተብሎ እውነት ወይም ሐሰት ይጻፋል። በቃ። እኔም ጻፍኩ፣ ገጽ በገጽ አወጣሁ፣ አተምኩ፣ «የዕድሩ ሕያዋን አባላት» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ጋሽ ደምሴ ጋ ወሰድኩ። የመጀመሪያውን ስም አነበቡ። ሁለተኛውን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኚህን ሰውዬ እኔ ነኝ የቀበርኳቸው» አሉ። «እኚህኛውንም።»

እውነትና ሐሰትን አቀያይሬያቸዋለሁ። ስሕተት ነው እንጂ ክፋት የለበትም፤ በሰፈራችን ይህ ሲሆን የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም።

ሐሙስ ትክክለኛው ዝርዝር ወጣ። ሁለት መቶ ሰባ ስምንት ሕያው፣ ሃምሳ ሁለት ሟች። ሕያዋኑን ዕድር ቤቱ በር ላይና የእኔ ክፍል በር ላይ ለጠፍኩ። ራቅ ብዬ አየሁትና ኮራሁ። በዚያች ቀን ለሰናይት «ይኼ ኤፒአይ የምትሉት እኮ ከባድ አይደለም» አልኳት። ምን አስቸኮለኝ!

ዓርብ ጠዋት እትዬ ብርቄ መጡ። እትዬ ብርቄ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ የማይለያቸው ሴት ናቸው። በዕድራችን ለቅሶ ቤት ድስት የሚወጣውና የሚወርደው በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ጃንጥላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት።

«ጸሐፊ፣ የለሽም ተባልኩ» አሉ።

«ማን አለዎት እትዬ?»

«በርህ ላይ የለጠፍከው ወረቀት ነዋ! ጎረቤቴ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። የለሁም።»

«ይኖራሉ፣ አሳልፋዎት ይሆናል» አልኩና ወደ መሣሪያዬ ዞርኩ። በስም መፈለግም ተምሬያለሁ። «ብርቄ» ብዬ ላክሁ። መልሱ መጣ፤ ቅንፍ ተከፍቶ ቅንፍ ተዘጋ። በመሃሉ ምንም የለም።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«እንዴት ነው ምንም የማይለው? አርባ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ያልቆምኩበት ለቅሶ የትኛው ነው?»

ግራ ገባኝ። ሴትዮዋ ፊቴ ተቀምጠዋል፣ ጃንጥላቸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ መዝገቡ ግን አላውቃቸውም ይላል። በመጨረሻ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «እትዬ፣ ለመሆኑ በማን ስም ነው የተመዘገቡት?»

«በማን ይሆናል፣ በባሌ ነዋ! በወልዴ።»

ኡፍ! ጋሽ ወልዴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በእኛ ዕድር አንድ ቤት አንድ ስም ነው፤ ስሙም የአባወራው። አባወራው ሲሞት ዕድሩ ይቀብረዋል፣ የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ከስሙ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ዐርፈዋል» ይላል፣ ሚስቲቱ በዚያው መስመር ላይ ትቀጥላለች። በወረቀቱ መዝገብ ላይ ይህ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ወልዴ ማለት ብርቄ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማጣሪያው ግን የሰፈራችን ሰው አይደለም። ቀዩን እስክሪብቶ አየና ሐሰት አለ። እኔ ጎበዙ ደግሞ አትሜ ለጠፍኩት።

«አሁን ምን ልሆን ነው?» አሉኝ።

ደንቡን ነገርኳቸው። እንደ አዲስ ተመዝግበው ዓመት መጠበቅ እንዳለባቸው።

«እኔ ልጠብቅ፣ ግድ የለም» አሉ። «ሞት ነው እንጂ ይህን ደንብ ያላነበበው።» ሳቅ አልኩ። እሳቸው አልሳቁም። የጃንጥላውን እጀታ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ልጅ አልወለድኩም። ወንድም እህቶቼን ሁሉ ቀብሬ ጨረስኩ። እኔን የሚቀብረኝ ይኼ ዕድር ነው፤ ሌላ ማንም የለኝም። በዚች ዓመት ውስጥ ብሞት ማን ነው የሚያወጣኝ?»

አርባ አምስት ዓመት የሰው ሬሳ ያስወጡ ሴት በእኔ ማጣሪያ ምክንያት ቀባሪ ሊያጡ ነው። እስከ እሑድ እንዲስተካከል አደርጋለሁ ብዬ ማልኩላቸው።

እዚያው ተቀምጠው ሳሉ በራሳቸው ስም ላስመዘግባቸው ሞከርኩ። ስም አስገባሁ፣ ስልክ አስገባሁ። «ይህ ስልክ የሌላ ተጠቃሚ ነው» ብሎ መለሰው።

«የማን ነው ይላል?» አሉኝ።

«የጋሽ ወልዴ።»

«ጉድ በሉ! ሞቶም ስልኬን አለቅም አለ?»

ሌላ ስልክ የላቸውም። ላብ በላብ ሆንኩ። ከዚያ ሰይጣን መጣና ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከ፤ የጋሽ ወልዴን «ሐሰት» ወደ «እውነት» ብቀይረውስ? አንዲት ቃል ናት። ሰናይት እንዴት እንደሚቀየር አሳይታኛለች። ቀየርኩት። ጋሽ ወልዴ ተነሡ፣ እሑድ ስማቸው ይነበባል፣ እትዬ ብርቄም ዳኑ። ያደረግሁትን በኩራት ነገርኳቸው።

ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ተዝካሩን አውጥቼ፣ ደብሩን አብልቼ፣ አሁን ተነሥቷል ልበል? ነፍስ አባቴን በየት በኩል ነው የማያቸው? መልሰው! አሁኑኑ መልሰው!»

መለስኩት። ጋሽ ወልዴ በሕይወት የቆዩት አራት ደቂቃ ያህል ነው።

እትዬ ብርቄ ከወጡ በኋላ ሌላ ሴት ገቡ። ከእሳቸው ኋላ ሌላ። በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም የሟች ሚስት፣ ሁሉም በሟች ስም። ፍርድ ቤት የሚሄደው መንገደኛ ችሎቱ ወደ እኔ ክፍል የተዛወረ መስሎት እየቆመ ይጠይቃል። እስከ ማታ አርባ አንድ ሴት መዘገብኩ። በወረቀት።

ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ቧንቧ እየደረደሩ ሰሙኝ።

«መዝገቡ ምን ይላል?»

«ሞተዋል ይላል። ግን እኮ የሞቱት ባሎቻቸው ናቸው፣ እነሱ...»

«እኔ መዝገብ ነው የማውቀው። ለሰው ፊት ብለን ደንብ ከሻርን ዕድር አይደለንም።»

«እትዬ ብርቄ እኮ ናቸው ጋሽ ደምሴ!»

እጃቸው ቧንቧው ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ መደርደራቸውን ቀጠሉ። ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው እጄ ላይ የማያስፈልገኝ የቧንቧ መታጠፊያ እንዳለ ያየሁት። መቼ እንደገዛሁት አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድር ቤቱ ሞላ። ከጀሞውም ከኮዬውም መጥቷል። ጋሽ ደምሴ ከፊት ቆመው አዘዙ። ስሙ የተነበበ በቀኝ በኩል ባለው አግዳሚ ይቀመጥ፣ ያልተነበበ በግራ ይቆይ። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ አራት ገጽ ነው። ጉሮሮዬ ደረቀ። ቀኙ ቀስ በቀስ ሞላ፤ ግራው ላይ ነጠላ ለብሰው የተቀመጡ አሮጊቶች ቀሩ። ከፊታቸው እትዬ ብርቄ ጃንጥላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወደ እኔ አያዩም። የማልኩላቸውን አልፈጸምኩም፣ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

አንብቤ ጨረስኩ። ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን አነሡ። «እንግዲህ ስማችሁ የተነበበ ብቻ ድምፅ መስጠት...»

«ይቅርታ ሊቀ መንበር» አሉ ከቀኝ በኩል አንድ ሽማግሌ። «የእርስዎን ስም አልሰማሁም።»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ዘልለኸኛል።»

አልዘለልኩም። ግን ደነገጥኩና ከክፍሌ ይዤው የመጣሁትን ላፕቶፕ ከፍቼ «ደምሴ» ብዬ ፈለግሁ። ቅንፍ ተከፈተ፣ ቅንፍ ተዘጋ። አንድም ደምሴ የለም። ደግሜ ላክሁ። የለም። ሕዝቡ ያየኛል፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ፣ ስክሪኑ ምንም አይልም። ለካ ሳምንቱን ሙሉ የሁሉን ስም ስፈልግ የእሳቸውን ፈልጌ አላውቅም። የዳኛውን ስም ከተከሳሾች መሃል ማን ይፈልጋል?

«በዘርጋ ፈልገው» አሉ እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት። «በአባቱ ቦታ ነው የገባው። አባቱ ሲሞቱ ድንኳን ውስጥ ያስተናገድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ!»

«ዘርጋ» ብዬ ላክሁ። አንድ ሰው መጣ። ስም አለ፣ የጋሽ ደምሴ ስልክ ራሱ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ያቺ መስመር አለች።

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። ድምፃቸው ቀንሷል።

«ሐሰት ይላል» አልኩ።

ይህን ስጽፍ ለክብራቸው ብዬ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፣ በእኔም ያሳብብ ነበር። ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። ከዚያ ከጠረጴዛው ኋላ ወጥተው ወደ ግራ ሄዱ። የሚቀመጡበት አጥተው ሲቆሙ እትዬ ብርቄ ጃንጥላቸውን አነሡና ጠጋ አሉላቸው።

«ና ደምሴ፣ ቦታ አለ።»

ተቀመጡ። ከፊት የቀረሁት እኔና ላፕቶፑ ብቻ ነን። ስብሰባውን ማን ይምራው? ማንም አያውቅም። ጋሽ ደምሴ ከግራ እጃቸውን አወጡ።

«ልናገር?»

«አባል ያልሆነ መናገር አይችልም፣ ደንቡ...» አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

«ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ!»

«አባል ሳትሆን ነዋ ያረቀቅኸው!» አሉ እትዬ ብርቄ። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ ደምሴም ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

«እንግዲያው ደንብ የሚያስተካክልልኝ አባል ካለ ልለምነው» አሉ ሳቁ ጋብ ሲል። «በሟች ስም ያለ ሁሉ በራሱ ስም ይዛወር። ዓመት መጠበቅም አይመለከተው። እኔን ተዉኝ፤ እነዚህ እናቶች ዓመት ሊጠብቁ አይገባም።»

ስማቸውን የጠየቁት ሽማግሌ ሐሳቡን አነሡላቸው፤ የቀኙ አግዳሚ እጅ በሙሉ ወጣ። የግራዎቹም አወጡ፤ አይቆጠርም ለማለት ግን ድፍረቱ አልነበረኝም።

ወዲያው ሰናይት ጋ ደወልኩ። አዲስ ሰው መመዝገብ አያስፈልግም አለችኝ፤ በነበረው ቦታ ላይ የአባሉን ስም ቀይሮ ሟቹን «ቤተሰብ» በሚለው ሥር ማዛወር ብቻ ነው። ይኼን ሁሉ ቀን ይህንን አለመጠየቄ! ሳይጠየቅ የማይናገረው መዝገቡ ብቻ አይደለም ለካ። ጠረጴዛው ፊት ተሰለፉ፤ አንደኛ እትዬ ብርቄ። ጻፍኩ፣ ላክሁ፣ መልሱን ጠበቅሁ።

«አባል፦ ወይዘሮ ብርቄ። ሕያው፦ እውነት» ብዬ አነበብኩላቸው።

«ድገመው።»

ደገምኩት። አሁን ብሞት ድንኳን ይተከላል ወይ አሉኝ። ይተከላል፣ ዕድሩም ቆሞ ይቀብርዎታል አልኳቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔም የራሴን መነጽር መጥረግ ጀመርኩ። ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ።

«ወልዴስ? አወጣኸው?»

«ኧረ አሉ። ቤተሰብ በሚለው ነው የገቡት፣ ከእርስዎ ስር።»

«ከማን ስር?»

«ከእርስዎ።»

ጃንጥላቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ ከኋላቸው የተሰለፉት ሴቶች ምን ሆኑ እያሉ እስኪጠጉ ድረስ ሳቁ።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም እኮ!» አሉኝ። «አሁንማ ብሞትም ግድ የለኝ። ሄጄ ስነግረው ፊቱን ማየት ነው የቀረኝ።»